የስፖርት ሹማምንት ዝውውርና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ማናቸውም ታላቅ ሥራ በሁለት ነገር ይቆማል፤ አንደኛው ሥራውን የሚያውቅ ሰው፥ ሁለተኛው ሰውየው ባይኖር ሥራውን ሳያፈርስ የሚያቆየው ሥርዐት ነው። ሰው ብቻ ኖሮ ሥርዐት ያልተሠራለት ቤት ጌታው የሄደ ዕለት ይፈታል፤ ሥርዐት ብቻ ኖሮ ሰው የሌለውም ቤት ደብተሩንና ማኅተሙን ይዞ ባዶውን ይቀመጣል። ይህ እውነት በቤተ መንግሥትም በቤተ ክህነትም ከጥንት የታወቀ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከፍተኛ ትምህርት በሚሰጥባቸው ቤቶች፥ በተለይም የወጣቶች ስፖርት በሚመራባቸው ክፍሎች በግልጥ ይታያል።

ነገሩን ለማስረዳት በቅርቡ ዘመን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የተፈጸመ አንድ ታሪክ ይበቃል። በዚያ አገር ስፖርት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋራ እንደ ሥጋና ደም የተዋሐደ ነው። ኦሃዮ ስቴትና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው ከ100,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ የኳስ ሜዳ አላቸው። ይህን ሥራ የሚመራው የስፖርት ክፍል ዲሬክተር ራሱ ኳስ አያጫውትም፤ ነገር ግን አሠልጣኞችን ይቀጥራል፥ ያሰናብታል፤ ከባለጸጎች ርዳታ ይለምናል፤ ከቴሌቪዥን ኩባንያዎች የሚመጣውን ገንዘብ ይቈጣጠራል፤ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይተዉ እንዲወዳደሩ ሕግ ያስጠብቃል። ስለዚህ ሹመቱ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቀጥሎ የብዙ ሰው ዐይን የሚያርፍበት ሹመት ነው።

በ2016 ዓ. ም. የሆነው እንደሚከተለው ነው። በኦሃዮ ስቴት ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ በዚህ ሹመት ላይ የቈዩት ሚስተር ጂን ስሚዝ ጡረታ ወጡ። በዚያው ዓመት የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር ቴድ ካርተር ነብራስካን ትተው የኦሃዮ ስቴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጥር ወር ኦሃዮ ስቴት ሚስተር ሮስ ቢዮርክን ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ወሰደ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ደግሞ የጐደለበትን ለመሙላት በመጋቢት ወር ሚስተር ትሬቭ አልበርትስን ከነብራስካ ወሰደ። ነብራስካም በዚያው መጋቢት ሚስተር ትሮይ ዳነንን በሲያትል ከተማ ከሚገኘው ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስመጣ። ሚስተር ዳነን በዋሽንግተን የቈዩት ስድስት ወር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ወይዘሮ ጄኒፈር ኮሄንም በነሐሴ 2015 ዓ. ም. ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ነበር። በመጨረሻም ዋሽንግተን ዐይኑን ወደ ጎረቤቱና ወደ ባላንጣው አዙሮ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዲሬክተር የነበሩትን ሚስተር ፓት ቸንን በዚያው በመጋቢት ወር ወሰዳቸው።

ይህ የመጨረሻው መዛወር ከሁሉ ይልቅ መነጋገሪያ የሆነበት ምክንያት አለው። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ክፍለ ግዛት የሚገኙ፥ ከእንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1900 ጀምሮ በኳስ የሚጋጠሙ፥ ከ1962 ወዲህም የአፕል ዋንጫ በተባለው ሽልማት የሚፎካከሩ ናቸው። አንደኛው በባሕር ዳርቻ በተሠራች ባለጸጋ ከተማ፥ ሁለተኛው ወደ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስንዴ እርሻ መካከል በተቀመጠች ፑልማን በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛሉ። የሁለቱ ማኅበር የሆነው፥ በ1915 የተመሠረተው የፓሲፊክ ዳርቻ የውድድር ማኅበር ዐሥራ ሁለት አባላት ነበሩት፤ ከእነዚህ ዐሥሩ የተሻለ የቴሌቪዥን ገንዘብ ወደሚገኝባቸው ማኅበራት ለመግባት ስለ ወሰኑ ከ2016 ዓ. ም. ክረምት ጀምሮ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሬጎን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። ዋሽንግተን ከሄዱት አንዱ ነው። እንግዲህ የፑልማን ሰዎች በመጀመሪያ ማኅበራቸውን፥ ቀጥሎ የማኅበሩ መፍረስ ያመጣውን ችግር እንዲቋቋምላቸው ተስፋ የጣሉበትን ሹም በአንድ ባላንጣ ምክንያት ዐጡ ማለት ነው።

አስተዋይ ሰው ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢመረምር አራት ነገር ያገኛል።

መጀመሪያ፥ ሹሞቹ የሄዱት ስለ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ሚስተር አልበርትስ በወጣትነታቸው ለነብራስካ የተጫወቱ፥ የቤቱ ልጅ ነበሩ፤ ከመሄዳቸው ጥቂት ወራት በፊትም ውላቸው በረዥሙ ታድሶ ደመወዛቸው ተጨምሮ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የነብራስካ የፕሬዚዳንትነት ወንበር በተጠባባቂ ተይዞ ነበርና፥ ሹሙ ነገ የሚያዝዘው ማን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። የበላዩ ወንበር ክፍት በሆነበት ቤት የበታቹ ልብ አያርፍም።

ሁለተኛ፥ ውል ገንዘብ ይመልሳል እንጂ ሰው አይመልስም። በዚያ አገር ሹሙ ከውሉ ዘመን በፊት ቢለቅ ለተተወው ቤት ካሣ እንዲከፈል ይጻፋል። ካሣው ግን የጐደለውን ዓመት፥ የተቋረጠውን ዕቅድ፥ በሹሙ ተማምነው የመጡትን አሠልጣኞችና ተማሪዎች አይተካም።

ሦስተኛ፥ የዝውውር ጕዳት እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። በላይ የነበረው ጡረታ ወጣ፤ መካከለኞቹ እርስ በርሳቸው ተቀባበሉ፤ መጨረሻ የቀረው ግን ትንሿ ከተማ ናት። ከእርስዋ የሚወስድ ብዙ ሲሆን፥ እርስዋ የምትወስድበት ግን ጥቂት ነው።

አራተኛ፥ ዛሬ የተበደለው ትናንት ወሳጅ ነበረ። ዋሽንግተን ስቴት ራሱ ሚስተር ቸንን በ2010 ዓ. ም. ያገኛቸው ከፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ነው። ስለዚህ ነገሩን በክዳትና በታማኝነት ስም ብቻ የሚዳኝ ሰው ሚዛኑ የተዛባ ይሆናል። ሰው ነጻ ፍጡር ነውና ለተሻለ ሥራ መነሣቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ አንድ ታላቅ ቤት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ተሠርቶ መገኘቱ ነው።

ይህ ሁሉ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ መስሎ የሚታየው ቢኖር ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ይሂድና ይመልከት። በሆለታ፥ በአዲስ ዓለም፥ በግንጪ በኩል አልፎ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በቀድሞ ስምዋ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ ትገኛለች፤ ከእርስዋም አልፎ ጉደር፥ ጌዶና ባኮ ይከታተላሉ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ. ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ተጀመረ፤ ቀጥሎ ኮሌጅ፥ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ከዋናው ግቢ ሌላ በዐዋሮ፥ በጉደር፥ በወሊሶና በሀጫሉ ሁንዴሳ ስም በተሠየመው ግቢ ያስተምራል። የፑልማኑም ትምህርት ቤት በ1890 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲመሠረት የእርሻ ኮሌጅ ነበረ። ሁለቱም በገበሬ መካከል ተተከሉ፤ ሁለቱም ከእነርሱ የሚበልጥ ገንዘብና ዝና ያላቸው ታላላቅ ቤቶች በአጠገባቸው አሉ። ለአምቦ አዲስ አበባ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት መንገድ ናት፤ ጅማና ነቀምቴም ሩቅ አይደሉም። ስለዚህ በፑልማን የሆነው በአምቦ ሊሆን አይችልም ብሎ መተማመን አይገባም።

እርግጥ ነው፥ እስከ ዛሬ ድረስ የሁለቱ አገሮች ሁኔታ አንድ አልነበረም። በኢትዮጵያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመምህራን ደመወዝ በማዕርግ የተወሰነ፥ በየትም ቦታ አንድ ዐይነት ስለ ነበረ፥ አንድ የስፖርት ሳይንስ መምህር ወይም የስፖርት ክፍል ኀላፊ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚያገኘው የደመወዝ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የመኖሪያ ቤት፥ የትዳር ጓደኛው ሥራ፥ የልጆቹ ትምህርት ቤት፥ የጸጥታ ሁኔታ፥ ከመደበኛው ሥራ ውጭ የሚገኝ ተጨማሪ ገቢ፥ የማዕርግ ዕድገትና ለዋና ከተማ መቅረብ ነው። አካሄዱም የታወቀ ነው። ተቀባዩ ቤት የልቀቁልን ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሰጪው ቤት ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ቦታ ለቦታ ይለዋወጣሉ፤ በመጨረሻም ዕዳ ማጣሪያ፥ ይኸውም ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ከየክፍሉ እየተፈረመ ይወጣል። በዩኒቨርሲቲው ወጪ ለከፍተኛ ትምህርት የተላከ ሰውም ተመልሶ የሚያገለግልበት ዘመን በውል ይታሰራል።

ሆኖም ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በ2015 ዓ. ም. የወጣው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው ዐዋጅ በአስተዳደር፥ በገንዘብና በሠራተኛ ጕዳይ ሰፊ ነጻነት ይሰጣል፤ የመጀመሪያውም ራስ ገዝ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፥ ሌሎችም በተራቸው እንዲከተሉ ታስቧል። የዚህ ነጻነት ጥቅም ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ዩኒቨርሲቲ ለሚፈልገው ሰው ከሌላው አብልጦ መክፈል በቻለ ቀን፥ በመምህራንና በሹማምንት ላይ ገበያ ይቆማል። በአሜሪካ ይህ ገበያ እስከ ተማሪዎቹ ድረስ ወርዷል፤ በግንቦት 2017 ዓ. ም. መጨረሻ በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለተወዳዳሪ ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያካፍል ፈቅዷል። ኢትዮጵያ ከዚያ ደረጃ እጅግ ሩቅ ናት። ቢሆንም በር ከመከፈቱ በፊት የቤቱን ምሰሶ ማጥበቅ የብልህ ሥራ ነው።

በዚህ ጕዳይ የሚጐዳው ማን እንደሆነ በግልጥ መናገር ያስፈልጋል። መምህሩ የተሻለ ኑሮ ያገኛል፤ ተቀባዩ ቤት ዐዋቂ ያገኛል፤ የሚጐዳው ግን ጫማ ሳይኖረው በማለዳ ተነሥቶ የሚሮጠው የጀልዱ፥ የግንጪ ወይም የጌዶ ልጅ ነው። ከእነዚህ ደጋዎች ምን ዐይነት ጕልበት እንደሚወጣ ዓለም አይቶታል። ፈይሳ ሌሊሳ የጀልዱ ተወላጅ ነው፤ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ. ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳልያ አገኘ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል በውጭ አገር ቈይቶ በጥቅምት 2011 ዓ. ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። አንድ ሯጭ እንዲህ ላለ ማዕርግ እስኪበቃ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ማለዳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ፥ የትኛው ጕልበቱ እንደሚያመው፥ ቤተ ሰቡ ለመከር ሲፈልገው እንዴት እንደሚለመኑ የሚያውቀው አሠልጣኙ ብቻ ነው። ይህ ዕውቀት ካልተጻፈ፥ አሠልጣኙ ዕቃውን ጭኖ በሄደ ዕለት አብሮ ይጫናል። የሚተካውም ሰው ከሀ ይጀምራል፤ ልጁ ግን ዕድሜውን ከሀ ሊጀምር አይችልም።

አንድ ሰው በአንድ ስፍራ መጽናቱ የሚያመጣውን በረከት ለማየት የአርሲዋን በቆጂን ማስታወስ ይበቃል። በዚያች ትንሽ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪ የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ፥ በ1984 ዓ. ም. በባርሴሎና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፥ ከእርስዋም በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። የበቆጂ አየር ከሌላው ደጋ የተለየ ተአምር የለበትም፤ የተለየው ለብዙ ዓመት ከሜዳው ያልጠፋ አንድ አስተማሪ መኖሩ ነው።

ነገር ግን መዛወር ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ አለ። ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን በ1938 ዓ. ም. አገራቸውን ትተው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ የክብር ዘበኛን እጩ መኮንኖች አሠለጠኑ፥ በትምህርት ሚኒስቴርም የሰውነት ማጠንከሪያ ሥራ መሩ። አበበ ቢቂላ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. በሮማ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከእርሳቸው አስቀድሞም በ1927 ዓ. ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከስዊድን የመጡ መኮንኖች ነበሩ። ሰው ከተወለደበት ወይም ከተቀጠረበት አይነቃነቅ የሚል ሕግ በዓለም ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጥቅም አይገኝም ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ሰው ይዛወር ወይስ አይዛወር የሚል ሳይሆን፥ ሲዛወር ምን ትቶ ይሂድ የሚል ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት መርምረውታል። በ325 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት በ15ኛው ቀኖናቸው ኤጲስ ቆጶስም፥ ቄስም፥ ዲያቆንም ከከተማ ወደ ከተማ እንዳይዛወር ከለከሉ፤ ምክንያቱም ከዝውውሩ ሁከትና ክርክር ይነሣ ስለ ነበረ ነው። ሆኖም ይህ ቀኖና ራሱ ጽድቅን ከክርክር ያልለየ ሰው እጅ ሲገባ ለጕዳት ሊውል እንደሚችል ታይቷል። ነባቤ መለኮት የተባለው ታላቁ ጎርጎርዮስ ለሳሲማ ተሾሞ ሳለ በኋላ ወደ ቍስጥንጥንያ ስለ መጣ፥ በ381 በተደረገው ጉባኤ ተቃዋሚዎቹ ይህንኑ ቀኖና ጠቅሰው ተከራከሩት፤ እርሱም ለሰላም ሲል ወንበሩን ለቀቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ሕግ የሌለበት መዛወር መንጋውን ይበትናል፤ ማስተዋል የሌለበት ሕግም ጎርጎርዮስን የመሰለውን ሰው ያሳጣል።

የአብነት ትምህርት ቤቶች ሥርዐት ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በዚያ የሚዛወረው ተማሪው ነው፤ ድጓን ለመጽናት ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕትን ለመማር ወደ ዙር አባ፥ ቅኔን ለመቍጠር ወደ ጎንጅ ይሄዳል። ወንበሩ ግን በስፍራው ይኖራል። መምህሩ ቢያርፍ ወይም ቢሄድ፥ አስመስክሮ የወጣ ደቀ መዝሙር ይተካዋል፤ ታላላቆቹ ተማሪዎች አስቀድመው ታናናሾቹን ሲያስቀጽሉ ስለሚኖሩ ተተኪው በአንድ ቀን የሚፈለግ ሰው አይደለም። ብዙ መቶ ዓመት ያለ ደመወዝ መዝገብና ያለ ካሣ ውል የቈየው ይህ ወንበር፥ በሚሊዮን ዶላር ከሚተዳደሩት የአሜሪካ ክፍሎች ይልቅ የመተካካትን ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ ይህም ወንበር ራሱ አደጋ ላይ ነው፤ ከገጠር አብያተ ክርስቲያናት ወደ ከተማ የሚፈልሰው አገልጋይ ብዙ በመሆኑ የቅዳሴ ልኡካን የሚያጡ አድባራት አሉ። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ሹምና የደብሩ አለቃ በዚህ ነገር አንድ ዐይነት ችግር ያለባቸው ጎረቤታሞች ናቸው።

እንግዲህ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚጠቅመው ምንድን ነው? ሰውን በግድ ማሰር አይደለም። መልቀቂያ ተከልክሎ የተቀመጠ መምህር ሥጋው በሜዳው ላይ ይቆማል፥ ልቡ ግን በመንገድ ላይ ነው፤ ወጣቶቹም ይህን ፈጥነው ያውቁበታል። የሚጠቅመው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ርክክብ የዕቃ ብቻ አይሁን። ዛሬ አንድ ኀላፊ ሲለቅ ኳሱ፥ መረቡ፥ ወንበሩና ኮምፒዩተሩ ተቈጥሮ ይፈረምበታል፤ የሠለጠኑት ልጆች ስም፥ ያስመዘገቡት ሰዓት፥ ያጋጠማቸው ሕመም፥ የውድድሩ ዕቅድ ግን አይጠየቅም። ክሊራንስ ከመሰጠቱ በፊት ይህ መዝገብ እንዲቀርብ ቢታዘዝ ወጪ የለውም፤ ትርፉ ግን ትልቅ ነው።

ሁለተኛ፥ በየክፍሉ ከኀላፊው አጠገብ ሥራውን የሚማር ምክትል ይኑር። ይህ ምክትል ከአካባቢው የተገኘ ቢሆን ይመረጣል፤ በአምቦ፥ በጉደር ወይም በባኮ ተወልዶ ያደገ ሰው ለመቈየት ብዙ ምክንያት አለውና። ነገር ግን የነብራስካው ምሳሌ እንደሚያስረዳው ተወላጅነት ብቻውን ሰውን አይዝም፤ ከተወላጅነቱ ጋራ ክብርና የሥራ ሥልጣን ሊጨመርለት ይገባል።

ሦስተኛ፥ የበላይ ወንበሮች በተጠባባቂና በውክልና ለረዥም ጊዜ አይያዙ። በዩኒቨርሲቲም ሆነ በዞንና በወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፥ ሹም ሽር በበዛበት ቦታ ዕቅድ ሁሉ የአንድ ወቅት ወሬ ይሆናል። የበታቹን ሰው አትሂድ ከማለት በፊት የሚያዝዘውን ሰው ማጽናት ይቀድማል።

አራተኛ፥ ለመዛወር ወቅት ይወሰንለት። የአሜሪካው ሰንሰለት በሙሉ የተላለፈው በትምህርቱ ዓመት መካከል፥ ውድድሩ በጋለበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ግን ትምህርት ከተዘጋበት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለዚህ የተመቸ ነው። ገበሬ በሬውን የሚለውጠው እርፉን ጨብጦ ሳለ አይደለም።

አምስተኛ፥ ተቀባዩ ቤት ከሰጪው ቤት ጋራ በወጪ ይካፈል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ገንዘብ አስተምሮ ለማዕርግ ያበቃውን ሰው ሌላው ሲወስድ፥ ያልተፈጸመውን የአገልግሎት ዘመን ያህል ካሣ ቢከፍል ፍትሕ ነው። ነገር ግን ካሣው እንደ ቅጣት የከበደ አይሁን፤ ከበደ ማለት ሰውን በዋጋ መያዝ ነውና። የሚገኘውም ገንዘብ ወደ ጠቅላላ ሣጥን ከመግባት ይልቅ ተተኪውን ለማስተማር ቢውል ይሻላል።

ስድስተኛው የከተሞቹ ድርሻ ነው። ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንደሚባለው፥ ከተማ ያላከበረችውን መምህር ሌላ ሲያከብርባት ማዘን ዋጋ የለውም። የመኖሪያ ቤት መሥሪያ ቦታ፥ ለልጆቹ ደኅና ትምህርት ቤት፥ ለሥራው የተስተካከለ ሜዳ ማዘጋጀት የዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን የከተማው አስተዳደርና የነጋዴውም ዕዳ ነው። በቆጂ ሩጫን የከተማው ክብር አደረገችው፤ አምቦም በምንጭ ውሃዋ የታወቀችውን ያህል በልጆችዋ ጕልበት እንዳትታወቅ የሚከለክላት ነገር የለም።

ካህናቱም በዚህ ሥራ ሩቅ ተመልካች ሆነው ሊቀሩ አይገባም። ቤተ ሰብ ልጁን ከሜዳ ወይም ከትምህርት ሲያስቀር ምክር የሚጠይቀው የነፍስ አባቱን ነው። ደግሞም ስለ መንጋና ስለ እረኛ፥ ስለ ምንደኛም የተጻፈውን ለሕዝብ የሚተረጕሙ እነርሱ ስለሆኑ፥ ሥራን በገንዘብ ብቻ የማይመዝን ትውልድ እንዲነሣ ቃላቸው ታላቅ ኀይል አለው።

ፑልማን ዛሬም ትምህርት ቤትዋን አልዘጋችም፤ ሜዳዋም ባዶ አልሆነም። ሹም ሄደ፥ ሌላ ሹም ተተካ። ነገር ግን የጠፋውን ጊዜ ማንም አልመለሰላትም። አምቦና ጎረቤቶችዋ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አላቸው፤ ገበያው ገና ሳይቆም ሥርዐቱን ለመሥራት ጊዜ አላቸውና። ሹም ይመጣል፥ ሹም ይሄዳል፤ ሥራው በመዝገብ የተጻፈ፥ ተተኪው በጊዜ የተዘጋጀ፥ የበላዩ ወንበር የጸና እንደሆነ ግን የጀልዱ ልጅ አሠልጣኙ በተለወጠ ማግስትም ከዚያው ሜዳ ላይ በማለዳ ይገኛል። ለዚህ የሚበቃ ትጋት በሹማምንቱና በሊቃውንቱ ልብ ያድር ዘንድ የአገር ተስፋ ነው።